ታህሳስ 13 ከታህሳስ 16 ይቀድማል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው ሳምንት ስለ ጣሊያናዊው አብራሪ ቲቶ ሚኒቲ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ አነበብኩት። ጥሩ ተጽፏል። ካላብሪያ ተወልዶ፣ መብረር ተምሮ፣ በ26 ዓመቱ ኦጋዴን ደጋሃቡር አካባቢ አውሮፕላኑ ወርዶበት ከባልደረባው ከሳጅን ሊቪዮ ዛኖኒ ጋር ተያዘና ሁለቱም ተገደሉ። የተማረከ ሰው መግደል ነውር ነው። ይሄ አያከራክረንም።

መጨረሻው ላይ ያላችሁት ነገር ግን አልዋጥ አለኝ። ጣሊያን መርዝ ጋዝ የረጨችው የሱን ደም ለመበቀል ነው ብላችኋል። እስኪ ቀኑን ቁጠሩት። ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ ጋዝ እንዲጠቀም በቴሌግራም የፈቀደው ጥቅምት 16 ቀን 1928 ነው። ያኔ ልጁ በሕይወት አለ። ተከዜ ዳር ራስ እምሩ ጦር ላይ መርዙ የወረደው ደግሞ ታህሳስ 13 ነው። ራስ እምሩ በኋላ እንደተናገሩት በርሜል መሳይ ነገር ወደቀ፣ እንደ ቦምብ አልፈነዳም፣ ተሰብሮ ፈሳሽ ረጨ፣ ፈሳሹ የነካው እጅ፣ እግርና ፊት ተቃጠለ፣ ከወንዙ የጠጣውም ተሠቃየ። ሚኒቲ የሞተው ታህሳስ 16 ነው። ገና ላልሞተ ሰው ደሙን የሚመልሰው ማን ነው?

ሰበብ ሆነ ብትሉ ይገባኛል። ታህሳስ 20 ግራዚያኒ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን ሰፈር ሲደበድብ፣ አብራሪያችንን አንገቱን ቀላችሁት የሚል ወረቀት በትኗል። ሰበብና ምክንያት ግን ለየቅል ናቸው።

ደሴንማ በግማሽ መስመር አለፋችኋት። ከሚኒቲ ሞት 20 ቀን በፊት፣ ኅዳር 26 ጠዋት የጣሊያን አውሮፕላኖች መጡብን። ጃንሆይ እዚሁ ነበሩ፣ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኩሰዋል፣ ፎቶው ዓለምን ዞሯል። ቀይ መስቀል ያለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ፣ ሐኪሞቹ ፈርመው አቤት አሉ። ያን ቀን ደሴ የማንን አብራሪ ነካች?

አያቴ ያኔ ልጅ ነበረች፣ ቤታቸው ከአይጠየፍ አዳራሽ በታች። እናቷ እንጀራ እየጋገሩ ነበር። የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲመጣ ሁሉም ወደ ጦሳ ተራራ ሮጠ። አያቴ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ሲል እንኳ ይህን ስታወራ ከሁሉ አስቀድማ የምታነሳው ምጣድ ላይ የቀረችውን እንጀራ ነው። «አክምባሎውን እንኳ ሳንከድነው!» ትል ነበር ወላሂ ብላ እየማለች። ማታ ሲመለሱ እንጀራዋ ከስላለች፣ ጎረቤት የነበሩት ሴትዮ ግን የሉም። ከግቢው ያነሱት የቦምብ ስባሪ እስካሁን ቤታችን አለ። ዝጓል፣ አንድ ጎኑ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። በር እንዳይዘጋ እናስደግፈዋለን፣ የእህቴ ልጆች እግራቸውን ስንቴ መትቷቸዋል።

ሚኒቲን አትጻፉ አላልኩም። እንዲያውም አገሩ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጥታዋለች፣ የሬጆ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ተጠርቷል፣ ማስታወሻ አላጣም። የጎረቤታችንን ስም ግን አያቴ ከሞተች ወዲህ እኛም ቤት የሚያውቀው የለም።

በሚቀጥለው እትም የቀኑን እርማት አውጡልኝ። ብረቱን ልይ የሚል ጋዜጠኛ ካላችሁም ላኩልን፣ በረካ ሳይጠጣ ግን አንለቀውም።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ