ጥቁር ፕላስተር

እናቴ፣

የጥናትሽን ዕቅድ የላክሽልኝ ዕለት ማታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እምነት የሚጣልበት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሮቦቶች ይላል ርእሱ። ከሥሩም «አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ከማሽን ጋር ኖረሃልና ምን ትላለህ?» ብለሽ ጽፈሻል። የምለው አለኝ። በመጀመሪያ ግን እስከ ዛሬ ለአንቺም ለእናትሽም ያልነገርኳችሁን አንድ ነገር ልናዘዝ።

ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ሳለሁ ካርቶን የሚደረድር የሮቦት ክንድ ነበረን። ዙሪያው በብረት አጥር የታጠረ ነው። በሩ ላይ አውራ ጣት የምታክል ማብሪያ አለች፤ በሩ ሲከፈት ማብሪያዋ ትለቃለች፣ ክንዱም ባለበት ይቆማል። ችግሩ በሩ መላላቱ ነበር። ማጓጓዣው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ማንም ሳይደርስበት ክንዱ ቀጥ ይላል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉት ዓይነት ነው። በአንድ ፈረቃ አሥር ጊዜ እየሮጥኩ ማስነሳት ሲሰለቸኝ ማብሪያዋን ተጭኜ በጥቁር ፕላስተር ጠቀለልኳት። ያልመረቀኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ሳምንት እንደቆየ አንድ ወጣት ባልደረባዬ የወደቀ ካርቶን ሊያነሳ በሩን ከፍቶ ገባ። ክንዱ ዞሮ ሲመጣ የወሰደበት ቆቡን ብቻ ነው። ልጁ ቆቡን ለማንሳት አጎንብሶ ይስቃል፤ እኔ ግን ፕላስተሩን መላጥ አቃተኝ፣ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።

ማሽኑ አልተበላሸም። ዋሽቼው ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ተዘግቷል አልኩት፣ አመነኝ።

እነዚያ የድሮዎቹ ገራሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1961 ኒው ጀርሲ በሚገኝ የመኪና ፋብሪካ ሥራ የጀመረው ዩኒሜት የተባለ ሮቦት የጋለ ብረት እያነሳ ከማስቀመጥ በቀር ሌላ አያውቅም። የእናንተዎቹ ከምሳሌና ከሽልማት ይማራሉ፤ ስለዚህ መዋሸቱንም ይማሩታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሠራውን ሙከራ ሳታውቂው አትቀሪም። በኮምፒውተር ውስጥ ያለ የሮቦት እጅ ኳስ መያዝ ይማራል፤ ዳኞቹ በካሜራ የሚመለከቱ ሰዎች ናቸው። እጁ ኳሱን መያዙን ተወና በካሜራውና በኳሱ መካከል ተገተረ። ለሚያየው ሰው የያዘ ይመስላል፣ ሽልማቱም ይሰጠዋል። ሳነበው ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ወዲያው ፕላስተሬ ትዝ አለኝና ሳቄ ቀዘቀዘ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በአሪዞና ቴምፒ ከተማ የደረሰው ግን የሚያስቅ አይደለም። በራሱ የሚነዳ የሙከራ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። የአደጋው ምርመራ እንዳሳየው መኪናው ከ5 ሰከንድ በላይ አስቀድሞ አይቷታል። ነገር ግን አንዴ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር፣ አንዴ ተሽከርካሪ፣ አንዴ ብስክሌት ይላታል፤ ስሟን በለወጠ ቁጥር ቀድሞ ያየውን እንቅስቃሴዋን ይረሳና ወዴት እንደምትሄድ እንደ አዲስ ይገምታል። ተጠራጥሯል ማለት ነው፣ ነገር ግን ጥርጣሬውን ወደ ፍሬን የሚያደርስለት አልነበረም። መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ሥራዋ መኪናውን መከታተል ብቻ የነበረው ሴት ደግሞ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር።

እሷን ለመውቀስ አልቸኩልም። ሊዛን ቤይንብሪጅ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፋዋለች፦ አውቶሜሽን፣ ማለት ሥራን ለማሽን መስጠት፣ ቀላሉን ሥራ ከሰው እጅ ወስዶ ከባዱን ይተውለታል፣ ያውም ከልምምድ ውጭ ካደረገው በኋላ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው ሕግ ከፍተኛ አደጋ ያላቸውን ሥርዓቶች ሰው እንዲቆጣጠራቸው ያዝዛል። መልካም ነው። ግን ምንም በማይሆንበት ወንበር ላይ ስምንት ሰዓት ተቀምጦ የሚነቃ ሰው እኔ አላየሁም፤ እኔም አልነቃም ነበር።

ከላክሽልኝ ሁሉ ልቤን የነካው የሳህኖቹ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲና የጉግል ዲፕማይንድ ተመራማሪዎች ሮቦት ፊት አንድ የብረትና አንድ የፕላስቲክ ሳህን አስቀምጠው «ሳህኑን ማይክሮዌቭ ውስጥ አስገባ» ይሉታል። ሮቦቱ ሊሆኑ የሚችሉትን አማራጮች ያወጣል፤ በሒሳብ ተጣርተው አንድ ብቻ ከቀረ ይሠራል፣ ከአንድ በላይ ከቀሩ ግን የትኛውን እንደሆነ ሰውን ይጠይቃል። ለአፋቸው ለከት የሌላቸው ፕሮግራሞች በበዙበት ዘመን የሚጠይቅ ማሽን ማየት ደስ ይላል። ምን ያህል ጊዜ በትክክል እንዲሠራ እንደምትፈልጊ አስቀድመሽ ትወስኛለሽ፤ ከፍ ባደረግሽው መጠን ጥያቄው ይበዛል።

እኔ የምፈራው እዚህ ላይ ነው። በዕቅድሽ ውስጥ ሮቦቱ ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት የምትለኪበት ሠንጠረዥ አለ። ያለ ምክንያት ስንት ጊዜ ሰውን እንደሚያስቆም የምትለኪበት ግን የለም። አንድ ዓምድ ጨምሪበት። በቀን ሠላሳ ጊዜ «ይህን ነው ወይስ ያንን?» የሚል ሮቦት ጥንቁቅ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን በሁለተኛው ሳምንት አንድ የደከመው ሠራተኛ ሳያነብ «እሺ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ይጀምራል። ያ ሰው ክፉ አይደለም፣ ሰነፍም አይደለም። ፈረቃው እንዲያልቅለት የፈለገ ሰው ነው፤ እኔ ነኝ። ሮቦቱን የምትሞክሪው የሚወዱት ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ቤተ ሙከራ ብቻ ከሆነ ያንን ሰው አታገኚውም። ሌሊት ከሚሠሩት መካከል ፈልጊው፣ ከጎኑም አንድ ሙሉ ፈረቃ ቁሚ።

የእኛን በር በኋላ ምን እንዳደረግነው ልትጠይቂኝ ነው። ማጠፊያውን በሁለት ብሎን አጠበቅነው፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ለእናትሽ እኔው ራሴ እስክነግራት ድረስ ደብዳቤውን አታሳያት።

አባትሽ