ስለምትሰቅዪው የፎስፎሊፒድ ጠብታ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ልጄ፣

በአዲሱ ሥራሽ «የደም ቧንቧ ይጠርጋል፣ ሴል ያድሳል» እየተባለ በደም ሥር ስለሚሰጠው ጠብታ የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው፤ እንዴት ይሰጣል፣ ይሠራል ወይ። ለየብቻቸው ያዢያቸው።

አምፑሉ ውስጥ ያለው ከአኩሪ አተር የወጣ ፎስፋቲዲልኮሊን የተባለ ፎስፎሊፒድ ነው፤ ፎስፎሊፒድ ፎስፎረስ ያለበት ቅባት ነው። የሴል ሽፋን በብዛት የተሠራው ከዚህ ዓይነት ቅባት ስለሆነ ነው «ያድሳል» የሚሉት። የተለመደው አምፑል 5 ሚሊ ሊትር ሲሆን 250 ሚሊ ግራም ይይዛል። ቅባት ግን በውሃ አይሟሟም፤ ስለዚህ ማሟሚያ ዲኦክሲኮሊክ የተባለ የሐሞት አሲድ፣ ማቆያ ደግሞ ቤንዚል አልኮል ይጨመርበታል። ነርስን የሚያስጨንቀው ጣጣ በአብዛኛው የሚመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ጨው ባለባቸው ፈሳሾች፣ በኖርማል ሳላይንም ሆነ በሪንገር ላክቴት፣ እንዳትበርዢው። ጨው ሲገባበት ወይም አሲድነቱ ሲበዛ የሐሞት አሲዱ ቅባቱን አሟሙቶ መያዝ ያቅተውና ድብልቁ ይደፈርሳል። የሚበረዘው በ5 ከመቶ ግሉኮስ ነው፤ የድብልቁ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲወርድ አሲድ በዛ ማለት ነው) ከ7.5 መውረድ የለበትም። ከረጢቱን ወደ ብርሃን አንሥተሽ እዪው። ፍጹም ካልጠራ ጣዪው፤ «ሲናወጥ ይጠፋል» የሚልሽን አትስሚ። በዚያው መስመር ሌላ ምንም አይገባም፣ ቫይታሚንም ቢሆን። አምፑሉ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በረዶ ከያዘው አይሰጥም።

ዋናው ፍጥነቱ ነው። የሐሞት አሲድ የሳሙና ጠባይ አለው፣ ቅባት ያሟሟል፤ የቀይ የደም ሴል ሽፋንም ቅባት ነው። ከተቸኮለ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ደም ሥሩም ይቆጣል። ሁለት አምፑል በ250 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በርዘሽ በ2 ሰዓት እንዲያልቅ ከታዘዘ፣ ሚሊ ሊትሩን 20 ጠብታ በሚያደርግ ቱቦ ከአምፑሎቹ ጋር 260 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን በደቂቃ 43፣ በ15 ጠብታው ደግሞ 32 ገደማ ይሆናል። በዓይን አትገምቺ፣ ሰዓት ይዘሽ ቁጠሪ፤ ታካሚው ክንዱን ባንቀሳቀሰ ቁጥርም መልሰሽ ቁጠሪ። ካኑላውን (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) ወፈር ባለ ደም ሥር ላይ አድርጊ። ቦታው ካበጠ ወይም ካቃጠለው ዝጊና ንቀዪ፣ በሌላ ክንድ ጀምሪ። ይህ የሐሞት አሲድ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የአገጭ ሥር ስብን ለማሟሟት በመርፌ እንዲሰጥ የተፈቀደው ያው ንጥረ ነገር ነው፤ ከደም ሥር ውጭ ሲፈስ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ ተረጂው። ሽንቱ ከጠቆረ፣ ሰውነቱን ካሳከከው ወይም ትንፋሽ ካጠረው አቁሚና ሐኪም ጥሪ።

ከመጀመርሽ በፊት የአኩሪ አተር አለርጂ እንዳለበት፣ የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን እንደሚወስድ፣ ሴት ከሆነች ደግሞ እርጉዝ መሆኗን ጠይቂ። ዋርፋሪን ካለ የደም መርጋት ምርመራው በቅርብ ይደገም። ቤንዚል አልኮል ስላለበት ለጨቅላ አይሰጥም።

ይሠራል ወይ ላልሽው፣ ሐሳቡ መሠረት የለውም አልልሽም። ደም ውስጥ ኤልካት የሚባል ኤንዛይም አለ፤ ከፎስፋቲዲልኮሊን አንድ የቅባት አሲድ ነጥሎ ኮሌስትሮል ላይ ይለጥፋል፣ ኮሌስትሮሉም «ጥሩው ኮሌስትሮል» በሚባለው ተሸካሚ፣ በኤችዲኤል፣ ላይ ተጭኖ ወደ ጉበት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1957 ፍሪድማን፣ ባየርስና ሮዘንማን የተባሉ ተመራማሪዎች ፎስፎሊፒድ በደም ሥር የተሰጣቸው ጥንቸሎች የቧንቧቸው ቅባት እንደቀነሰ ጽፈዋል። ነገር ግን ኮሌስትሮል ተመግቦ ቧንቧው የተሞላ ጥንቸልና ለዓመታት ጠባሳና ካልሲየም ያጠራቀመ የሰው ቧንቧ አንድ አይደሉም። በሰው ላይ ለዚህ ሐሳብ የቀረበው ትልቁ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው፣ ሲኤስኤል112 የተባለው መድኃኒት ሙከራ ነው፤ የኤችዲኤልን ፕሮቲን ከአኩሪ አተር ፎስፋቲዲልኮሊን ጋር አዋህዶ በቅርቡ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ለደረሰባቸው ሰዎች ሰጠ፣ 18,219 ሰዎች ተሳተፉበት፣ በ90 ቀን ውስጥ ግን በልብና በደም ቧንቧ ሕመም መሞትን፣ ዳግም የልብ ጥቃትንና ስትሮክን በአንድነት ሲለካ ጉልህ ቅነሳ አላሳየም። መድኃኒቱ ያንቺ አምፑል አይደለም፤ ቢሆንም «ይጠርጋል» የሚለውን ቃል ካንቺ አፍ መስማት አልፈልግም።

በካፕሱል የሚዋጠው ሌሲቲን፣ ፎስፋቲዲልኮሊን ያለበት ቅባት፣ ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኛው አንጀት ውስጥ ይፈርሳል፤ በውስጡ ካለው ኮሊን የተወሰነውን የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲቀይሩት ጉበት ቲኤምኤኦ የሚባለውን ነገር ይሠራበታል፣ እሱ ደግሞ ለልብ ወዳጅ ነው አይባልም።

በተረፈ ስታቲኑን (ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ክኒን) ወይም አስፒሪኑን «ጠብታው ይበቃኛል» ብሎ ያቆመ ሰው ካገኘሽ ለሐኪሙ ሳትነግሪ አትስቀዪለት። ሲራመድ ባቱን የሚይዘውና ሲቆም የሚተወው ከሆነ የቁርጭምጭሚቱንና የክንዱን ግፊት ለኪ፤ የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል 0.9 ወይም ከዚያ በታች ከወጣ ደም ወሳጁ ጠቧል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ሰው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ሕመሙ ሲመጣ እያረፈ መራመድ፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት፣ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ደረቱን ጨንቆት የመጣ ግን ወንበርሽ ላይ አይቀመጥ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ላኪው።

አባትሽ