ደብዳቤ ለልጄ፦ አዲስ የጀልባ ሞተር ከመግዛትህ በፊት

ጎንደር፣ አራዳ

ልጄ፣ እንደምን ከረምህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱን ያመዋል፣ ሌላ ምንም የለም። እህትህ ፈተናዋን ጨርሳ ቤት ውስጥ ትተኛለች።

በስልክ ያልኸኝን ሰምቻለሁ። ጣና ላይ ማንድባ ገዳም ሳትደርሱ የጀልባህ ሞተር መቆራረጥ ጀመረ፤ ተሳላሚዎቹን ይዘህ እየተንገጫገጭህ ጎርጎራ ተመለስህ፤ መካኒኩም «አልቆለታል፣ ቀይረው» አለህ። አንተም ወዲያው የዕቁቡን ብር አሰብህ። ኔትወርኩ አላናግር ስላለኝ ይኸው ጻፍሁልህ። ዕቁቡን ለጊዜው እርሳው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ መለዋወጫ ሻጭ ነኝ። ግን ከባንኮኒ ጀርባ ሆኖ የሚታይ ነገር አለ። ሰው ቦቢና፣ እሳት የሚፈጥረውን ዕቃ፣ ገዝቶ ይሄዳል። በማግስቱ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፍለጋ ይመጣል። በሳምንቱ ደግሞ የቤንዚን ፖምፓ። መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የታንከር ክዳን ሆኖ ይገኛል። ለእኔ ጥሩ ገበያ ነው፤ ለልጄ ግን አልመኘውም።

የላክሃቸውን ሁለት ካንዴላዎች፣ እሳት የሚጭሩትን፣ አየኋቸው። የትኛው ከላይኛው ሲሊንደር፣ የትኛው ከታችኛው እንደወጣ ሳትለይ በአንድ ፌስታል ጠቅልለህ መላክህ አናዶኛል። ይሁን። አንዱ ጫፉ ቡናማና ደረቅ ነው፤ በደንብ ሲሠራ የቆየ ነው። ሌላው ጥቁርና እርጥብ ነው። በጣቴ ጠርጌ ሳሸተው ቤንዚንና ዘይት ነው። እዚያ ሲሊንደር ቤንዚኑ ደርሷል፣ አልተቃጠለም ማለት ነው። ስለዚህ ያ ሲሊንደር ቤንዚን አልጎደለበትም። ወይ እሳት የለውም፣ ወይ ኮምፕሬሽን (አየሩን አፍኖ የመጭመቅ ኃይል) የለውም፣ ወይ ካርቡራተሩ ከልክ በላይ እያጠጣው ነው። ነጩን ሸክላ የአባትህን መነጽር አድርጌ አየሁት። የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ነጠብጣብ የለበትም። ቢኖርበት ፒስቶኑ እየቀለጠ ነው እልህ ነበር። ታጥቦ የጸዳ ቢሆን ደግሞ በሲሊንደሩ ክዳን ማሸጊያ፣ በጓርኒሲዮኑ በኩል ውሃ ይገባል እልህ ነበር። ሁለቱም አይደለም። ይሄ ጥሩ ዜና ነው።

መጀመሪያ እሳቱን እይ፣ ርካሹ እሱ ነውና። ሁለት አዲስ ካንዴላ ልኬልሃለሁ። ሞተሩን በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትጨምርለት፣ አሠራውና አንዱን ሲሊንደር ብቻ እሳቱን ከልክለው። የሞተሩ ድምፅ ከወደቀ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር። ምንም ካልተለወጠ በሽተኛውን አገኘኸው። ግን አደራ፣ የካንዴላውን ሽቦ ነቅለህ በአየር ላይ አትተወው፤ ከሞተሩ አካል ጋር ማሳ አስይዘው። ያለዚያ ደህናውን የእሳት ክፍል ራስህ ታቃጥለዋለህ። ሽቦውንም በባዶ እጅህ አትንካ። ሲሊንደሮቹ ለየብቻ ቦቢና ካላቸው ቦቢናዎቹን አቀያይራቸው። ችግሩ ከቦቢናው ጋር ከሄደ ቦቢናው ነው። እዚያው ከቀረ ቦቢና አትግዛ።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን። መካኒክህ «አልቆለታል» ሲልህ ቁጥር ነግሮህ ነበር? አልነገረህም። በጆሮ ሰምቶ ነው። የግፊት መለኪያውን ጌጅ ከሱቅ አውጥቼ ከካንዴላዎቹ ጋር አድርጌዋለሁ። ስታስገባው መጀመሪያ በእጅህ አዙረው፣ በኪያቤ አታስገድደው። ቴስታታው፣ የሲሊንደሩ ክዳን፣ አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ በቀላሉ ይበላል። ሞተሩን ትንሽ አሙቀው፣ ሁለቱንም ካንዴላ ፍታ፣ ሽቦዎቹን ማሳ አስይዝ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ክፈት። ከዚያ የጌጁ መርፌ ከፍ ማለቱን እስኪያቆም ገመዱን ደጋግመህ ሳብ። ሁለቱንም ሲሊንደር እኩል ጊዜ ሳብ፤ ለአንዱ አድልተህ ሌላውን ደክሞህ እንዳትለካው።

ቁጥሩን ስታይ ደግሞ አትደንግጥ። መካኒኮቹ የሚጠቅሱት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የወጣ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያንሳል። ጅቡቲ ላይ ጌጁ 120 ፒኤስአይ (የግፊት ልክ ነው) የሚያሳይለት ጤነኛ ሞተር ጎርጎራ ሲመጣ 97፣ 100 ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ያንተ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተርም እዚያ ላይ የሚሰጥህ 33 ገደማ ነው። «እንደ ድሮው አይሄድም» ከሚሉኝ ጀልባ ነጂዎች ግማሾቹ ሞተራቸው ደህና ነው፤ ሰው ስላበዙ ነው።

ዋናው የሁለቱ ልዩነት ነው። አንዱ 98፣ ሌላው 93 ካለ ሞተርህ ጤነኛ ነው፣ ወደ ቤንዚኑ እለፍ። አንዱ 98 ሆኖ ሌላው 60 ካለ ግን ውስጡ ተጎድቷል። ያኔ ዝቅ ባለው ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምርና እንደገና ለካ። ከፍ ካለ ፋሻው፣ የፒስቶኑ ቀለበት፣ ነው። ካልተነቃነቀ ጓርኒሲዮኑን ወይም ፒስቶኑን ራሱን ጠርጥር።

ቤንዚኑ ላይ ብዙ አልልም። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የገዛኸውን ዘይት ሳትቀላቅልበት በጠርሙስ አሳድረው። ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገህም እይ፤ ተንኖ ካለቀ በኋላ ቅባት ከተወ ላምባ ወይም ናፍጣ ገብቶበታል። በሙሉ ጉልበት ስትሄድ መቆራረጥ ከጀመረ በቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ ኳስ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋት። ወዲያው ከተስተካከለ ቤንዚን እያጠረው ነው፤ የታንከሩን ክዳን የአየር ማስገቢያ፣ ቱቦውን፣ ፖምፓውን ተራ በተራ እይ። በሚኒሞ ብቻ ከተቆራረጠና ፍጥነት ስትሰጠው ከጠራ ደግሞ የካርቡራተሩ ቀጭን ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ታጥቦ ይድናል።

አሁን ወደ መግዛቱ እንምጣ። ልጄ፣ ሞተሩ በምን እንደተጎዳ ሳታውቅ ሌላ አትግዛ። በሽታ ዶሮ የጨረሰበትን ቆጥ ሳያጸዱ አዲስ ዶሮ አያሰፍሩበትም። አዲሱም ሞተር ያንኑ ቤንዚን ይጠጣል፣ በዚያው እምቦጭ መሀል ይሄዳል። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ደግሞ የሚብሰው በእናንተ በኩል፣ በደምቢያና በመገጭ አፍ ነው። ሥሩ የውሃ መሳቢያውን ይደፍናል። ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል ደግሞ የውሃ ፖምፓውን የጎማ ክንፍ ይበላል። ከሞተሩ ጎን የምትወጣውን ቀጭን ውሃ አይተው ልጆቹ «ሸና» እያሉ ይስቃሉ። እሷ ከቀጠነች ያኔውኑ አጥፋው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ልጨርስ አትበል። ውሃ ያጣ ሞተር መጀመሪያ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ፒስቶኑ ተጣብቆ ይነክሳል። የዘይት ቅልቅሉንም ማን እንደሚሠራልህ ጠይቅ። የአንተ ሞተር ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው የሚፈልገው፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር። ረዳትህ በዓይኑ ገምቶ እንደሚያፈስ አውቃለሁ፣ አይቼዋለሁ።

ቴስታታው ተከፍቶ አንዱ ሲሊንደር ተጭሮ ከተገኘ ያለቀለት ነው ማለት አይደለም። ብሎኩን አምጣው፤ ቶርኖ ቤት ለክተው ከሰፋ ከፍ ያለ መጠን ያለው ፒስቶን ይገጠምለታል። ፒስቶኑን ሳትይዝ ግን እንዳታስቆርጥ፤ መጀመሪያ ፒስቶኑ ይገኝ፣ ከዚያ በእሱ ልክ ይሰፋ። ብዙ ብሎክ ተቆርጦ ፒስቶን ሲጠበቅለት ከሱቃችን ጥግ ዝጎ አይቻለሁ።

ልግዛ የምትልበት ጊዜ አለ። የታችኛውን ማርሽ ዘይት ስታፈስ ነጥቶ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። እሱ ላይ የዋናው ዘንግ (የክራንኩ) ኩሽኔታ የሚንጓጓ ከሆነ፣ ኮምፕሬሽኑም ከወረደ፣ ሦስት ቤት በአንድ ጊዜ መጠገን ነው። የእኔ ልክ ይሄ ነው፦ ጥገናው ተመሳሳይ ያገለገለ ሞተር ከሚያወጣው ዋጋ ግማሽ ካለፈ አልጠግንም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የአዲሱን ዋጋ አታንሳብኝ፤ አስመጪው ጠዋት የነገረኝን ከሰዓት ይክዳል።

ያገለገለ ስትገዛ ሞቆ የጠበቀህን ሞተር አትመን። በእጅህ ዳስሰው፣ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ፊትህ ይነሳ፣ ጌጁን ይዘህ ሂድ። የእግሩን ቁመትም ከጀልባዋ ጀርባ ጋር አስተያይ፤ አጭሩ 38፣ ረጅሙ 51 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አጭሩን በረጅም ጀርባ ላይ ከሰቀልኸው ፕሮፔለሩ አየር ይቀዝፋል።

አባትህ አራት ምቱን ይግዛ ይላል። ቤንዚን ይቆጥባል፣ ዘይት አይቀላቀልም። ለጣናም ይሻላል፤ እንደ አንተ ያለው ባለ ሁለት ምት የካርቡራተር ሞተር ያልተቃጠለ ቤንዚን ከነዘይቱ ውሃው ውስጥ ይተፋል፣ ያን ውሃ ደግሞ ሰው ይጠጣዋል። እውነቱን ነው፣ አልከራከረውም። ግን ክብደቱ ይበልጣል። አዳዲሶቹ ደግሞ ሲበላሹ በኮምፒውተር ነው የሚነበቡት፤ ጎርጎራ ላይ ማን ያነብልሃል? የአንተን በካቻቪቴና በፒንሳ እዚያው ዳር ላይ ትፈታዋለህ። አንባቢ መካኒክ በአቅራቢያህ ሲኖር ያኔ አራት ምት እንግዛ፣ ብሩንም እኔ አግዛለሁ።

ዕቃውን ቅዳሜ ወደዚያ ለሚወርደው የአጎትህ ልጅ እሰጠዋለሁ፣ መንገዱ ደህና ከሆነ። በአንድ ሲሊንደር እየሄደ ሳለ ተሳላሚ እንዳትጭን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ግማሽ ጉልበት ከማዕበሉ አያወጣህም። ለሙከራም ስትወጣ መቅዘፊያውን ያዝ፣ ላይፍ ጃኬቱን ልበሰው፣ መቀመጫ አታድርገው። እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

እናትህ