ለደንበኞቻችን፦ ያረጀ ስፖርት መኪና ስታመጡልን ለምን ከውሃ ቱቦ እንደምንጀምር

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። «እኔ የመጣሁት ድምፁ ደስ የሚል ማርሚታና አዲስ ቸርኬ ፈልጌ ነው። እናንተ የጻፋችሁልኝ ግን የውሃ ቱቦ፣ ቺንጋና የፍሬን ዘይት ነው። ለምን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡም መኪናውም የእናንተ ነው። ስለዚህ የሥራ ቅደም ተከተል የምናወጣው ከምን ተነስተን እንደሆነ በግልጽ ልናስረዳችሁ ወደድን።

ያረጀ ስፖርት መኪና መግዣው ርካሽ ነው፤ መያዣው ግን ርካሽ አይደለም። የመኪናው ዋጋ ከዓመት ዓመት ወርዷል። መለዋወጫው ግን አብሮት አልወረደም። ፍሬኑም፣ አሞርዛቶሩም፣ ፍሪሲዮኑም ዛሬም የስፖርት መኪና ዕቃ ነው። ገና ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በእጃችሁ ያለውን ሁሉ ለሻጩ አትስጡ። ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና የሚሆን ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ። ደረሰኙ የተሟላለትን መኪና ትንሽ ጨምሮ መግዛት፣ ታሪኩ የማይታወቀውን በርካሽ ከመግዛት አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል።

ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምትነግሩን የተነዳውን ኪሎ ሜትር ነው። እኛ ደግሞ ዕድሜውን እንጠይቃለን። ጎማና ፕላስቲክ የሚያረጀው በመነዳት ብቻ አይደለም። ሙቀት፣ አየርና ጊዜ ያደርቁታል። ለ20 ዓመት በጥቂቱ ብቻ የተነዳ መኪና ሞተሩ ገና ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ቱቦዎቹና ጎሚኒዎቹ (የጎማ ማሸጊያዎቹ) ግን 20 ዓመታቸው ነው።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ የመጀመሪያው ገንዘብ መግባት ያለበት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል ላይ ነው። በዚህ ላይ አንደራደርም። አንዴ ክፉኛ የጋለ ሞተር ከዚያ በፊት የወጣለትን ገንዘብ ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

የብዙ ራዲያተሮች መሃሉ አልሙኒየም ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው ሳጥን ግን ፕላስቲክ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያላችሁ ኮፈኑን ክፈቱና የራዲያተሩን የላይኛውን ፕላስቲክ ተመልከቱ። ሲሠራ ጥቁር ነበር። ወደ ቡናማ ከተለወጠ ደርቋል ማለት ነው፤ አንድ ቀን መሰንጠቁ አይቀርም። ቢኤምደብሊው ኢ46 ላይ ደግሞ የምንፈራው የውሃ መጠባበቂያውን ሳጥን ነው። እሱም ፕላስቲክ ሆኖ ግፊት ይሸከማል፤ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ቶዮታ ኤምአር2 ሌላ ጠባይ አለው። ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ራዲያተሩ ከፊት ስለሆነ ውሃው በረጃጅም ቱቦዎች ይመላለሳል። ውሃው ሲለወጥ ውስጥ አየር ከቀረ ሞተሩ ይግላል። አየሩን አሟጥጦ ማስወጣት ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። የኤምአር2 ባለቤቶች በጉልበት ዋጋችን ላይ የምታዩት ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው።

የሙቀት መጠቆሚያውን ከልክ በላይ አትመኑት። በብዙ መኪኖች ላይ የሞተሩ ሙቀት ትንሽ ከፍና ዝቅ ቢልም መርፌው መሃል ላይ ረግቶ እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ከመሃል ሲያልፍ ነገሩ ገፍቶ ሄዷል። እንዲህ ካያችሁ «ቤት ልድረስና» አትበሉ። ዳር ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ እኛ ጋ ደውሉ። ትኩስ እያለ የራዲያተሩን ክዳን በፍጹም አትክፈቱ፤ የፈላው ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። የአልሙኒየም ቴስታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አንዴ ከጠመመ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ መለወጥ ብቻ አይበቃም። ቴስታው ወርዶ ፊቱ በማሽን መስተካከል አለበት። የአንድ ቱቦ ዋጋ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ሌላም አለ። ውሃ ብቻ እየሞላችሁ አትንዱ። ኩላንት ከብርድ ለመከላከል ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ውስጡ እንዳይዝግም ይጠብቃል። አዘውትሮ የሚደረገው ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል መቀላቀል ነው። ሁለት ዓይነት ኩላንት ግን አንድ ላይ አትቀላቅሉ።

ቀጥሎ የታይሚንግ ቺንጋ ይመጣል። ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተናበው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው ይህ የጎማ ቺንጋ ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ሲበጠስ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። የመጀመሪያው ኤምኤክስ-5 ባለ 1.6 ሊትር ሞተር እንዲህ ነው። በሌሎች ላይ ግን ፒስተኑ ወጥቶ ክፍት የቀረውን ቫልቭ ይመታና ያጎብጠዋል። ፖርሽ 944 ከእነዚህ ነው። ይባስ ብሎ 944 ሁለት ቺንጋ አለው። አንዱ ለቫልቮቹ ነው፤ ሁለተኛውና ትንሹ የሞተሩን ንዝረት የሚቀንሱትን ዘንጎች ያዞራል። ትንሹ ሲበጠስ ትልቁን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

የእናንተ ሞተር ከየትኛው ወገን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን እንነግራችኋለን። ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ ግን እንዳልተለወጠ ቆጥረን እንጽፋለን። «ሻጩ ለውጬዋለሁ ብሎኛል» ብላችሁ የምትነግሩን አላችሁ። ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ውሸት ከሆነ ግን ሞተር የሚቀይረው እሱ አይደለም።

ቺንጋውን ስንጽፍ መወጠሪያውን፣ ኩሽኔታዎቹንና የውሃ ፓምፑን አብረን የምንጽፈው ሥራ ለማብዛት አይደለም። በብዙ ሞተሮች ላይ እነዚህ ዕቃዎች ያሉት እዚያው አንድ ሽፋን ጀርባ ነው። ለዕቃው ትንሽ ትጨምራላችሁ፤ ጉልበቱን ግን አንዴ ትከፍላላችሁ። ፍሪሲዮንም ላይ እንዲሁ ነው። ፍሪሲዮን ለመለወጥ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አንዴ ከወረደ የመልቀቂያውን ኩሽኔታና ከሞተሩ ጀርባ ያለውን የዘይት ጎሚኒ ሳይለውጡ መልሶ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ያ ጎሚኒ ከወር በኋላ ማፍሰስ ቢጀምር እንደገና ካምቢዮ ማውረድ ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን መለኪያው ያስገድዳል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠየቀው ግን 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግማችሁ ስትይዙ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ይላላና እስከ ወለሉ ይወርዳል። በየ2 ዓመቱ አስለውጡት። እኛ ጋ ከሚሠሩት ሥራዎች በጣም ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው።

ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትዩ። በጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 አኃዞች አንብቡ። 2316 የሚል ከሆነ በፈረንጆቹ 2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ ስለሚቆም ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የደረቀ ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ አይዝም።

ስለ ሞተር ዘይት ብዙ አንልም፤ በመመሪያው መሠረት በጊዜው ለውጡ። ማዝዳ አርኤክስ-8 ያላችሁ ግን ይህን ልብ በሉ። የእሱ ሮታሪ ሞተር የውስጥ ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ሆን ተብሎ ትንሽ ትንሽ ዘይት እንዲያቃጥል ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ይቀንሳል። ነዳጅ በሞላችሁ ቁጥር መለኪያውን አውጥታችሁ እዩ።

አሁን ስለ ምርመራ ክፍያ። «ኮምፒውተሩ ኦክስጅን ሴንሰር ብሏል፤ እሱን ለውጡልኝ» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያወጣው የብልሽት ኮድ የሚናገረው ሴንሰሩ ያየውን ነው። ሴንሰሩ አየር በዝቷል ካለ፣ ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ ሴንሰሩ እውነቱን ነው የተናገረው። የኤሌክትሪክ ችግርም እንዲሁ ነው። መብራት ይደበዝዛል፣ ሞተሪኖ ይደክማል፣ የዳሽቦርድ ቆጣሪዎች ያብዳሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከባትሪ ወደ ቦዲና ወደ ሞተር የሚሄደው የዛገ የኔጋቲቭ ሽቦ ነው። መጥረግና ማጥበቅ ይበቃዋል። በግምት ሦስት ዕቃ ከመግዛት፣ በአንድ ሰዓት ምርመራ የታመመውን አንዱን ማግኘት ይሻላል። የምናስከፍለው ለዚያ ሰዓት ነው።

ያገለገለ ዕቃ እንገጥማለን ወይ? አዎ፣ በደስታ። በር፣ መስታወት፣ ወንበር፣ መብራት፣ ፓራፋንጎ፣ አንዳንዴም ካምቢዮ ከፈረሰ መኪና ቢመጣ ቅር አይለንም። እንዲያውም ራሳችን እንፈልግላችኋለን። የፍሬን ቱቦ፣ ቺንጋ፣ መወጠሪያና ማንኛውም ጎማ ነክ ዕቃ ግን ያገለገለ አንገጥምም። አዲስ ዕቃ ላይም መቆጠቢያ መንገድ አለ። የመኪና ፋብሪካዎች ብዙውን ዕቃ ራሳቸው አይሠሩትም። ቦሽ፣ ዛክስና ሌምፎርደር ለፋብሪካዎች የሚያቀርቡት ዕቃ በራሳቸው ካርቶን ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል። ካርቶኑን ብቻ አይታችሁ ግን አትግዙ፤ አስመስሎ የተሠራም ስላለ ከታመነ ሻጭ ይሁን።

እምቢ የምንላቸው ሥራዎችም አሉ፤ እንዳትቀየሙን። ያለቀ አሞርዛቶር ላይ መኪናውን ዝቅ የሚያደርግ ሞላ አንገጥምም። አንድ አክስል ላይ ሁለት ዓይነት ጎማ አናስርም። ከበር ሥር የበሰበሰ ላሜራ ላይ ስቱኮ ለጥፈን ቀለም አንቀባም። ያ ላሜራ በአደጋ ጊዜ የመኪናውን ወገብ ይዞ የሚቆየው ነው። መቆረጥና በአዲስ መበየድ አለበት።

ይህን የመጨረሻውን ወጪ ራሳችሁ ልታስቀሩት ትችላላችሁ። ጣሪያው የሚታጠፍ ኤምኤክስ-5 ከጣሪያው ጀርባ በቀኝና በግራ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለው። ቅጠልና አቧራ ሲደፍነው ውሃው ከበር ሥር ባለው ላሜራ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከውስጥ ወደ ውጭም ያዝጋል። ቀዳዳውን አልፎ አልፎ በለስላሳ ነገር ክፈቱት፤ ውሃ አፍስሳችሁም ከሥር መውጣቱን እዩ። ዘይት ማየት፣ የባትሪ ጫፍ መጥረግ፣ የጎማ ንፋስ መለካትም የእናንተ ሥራ ይሁን። ከመኪናው ሥር መግባት ካስፈለጋችሁ ግን በክሪክ ብቻ አትግቡ። ደህና መቆሚያ ከሌላችሁ ለእኛ ተዉት።

ከአሁን በኋላ የምንሰጣችሁ የዋጋ ዝርዝር በሦስት ተከፍሎ ይመጣል። የመጀመሪያው ክፍል መኪናው ሳይሠራለት መነዳት የሌለበትን ይይዛል። ሁለተኛው አብሮ ቢሠራ ጉልበት የሚቆጥበውን፣ ሦስተኛው መጠበቅ የሚችለውን። ማርሚታውና ቸርኬው ሦስተኛው ውስጥ ናቸው፤ አንረሳቸውም፤ ጊዜያቸው ሲደርስ እኛው እንገጥማቸዋለን። ገንዘባችሁ ለአንዱ ክፍል ብቻ የሚበቃ ከሆነ ንገሩን። ሥራውን በወራት ከፋፍለን ፕሮግራም እናወጣለን።

ለቀጠሮ ስትመጡ በእጃችሁ ያለውን የድሮ ደረሰኝ ሁሉ ይዛችሁ ኑ፤ የተቀዳደደም ቢሆን። የሻንሲ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ላኩልን፤ ትክክለኛውን ዕቃ ከመምጣታችሁ በፊት እናጣራለን። መኪናው የሚያሰማው ድምፅ ካለ ደግሞ ሞተሩን ሳታሞቁ አምጡት። በብርዱ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይጠፋብናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ መካኒኮች በሙሉ