አውሮፕላን ወርቅ አያይም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

«በአየር ላይ ጥናት የወርቅ ክምችት ተገኘ» የሚል ዜና በየጊዜው ይነበባል። በአንድ ቶን ዓለት ውስጥ ጥቂት ግራም የሚሆነውን ወርቅ ከአየር ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ ግን የለም። በአውሮፕላኑ ላይ የሚጫነው ማግኔቶሜትር የሚለካው የመሬትን የማግኔት መስክ መለዋወጥ ነው፤ ባለሙያው ከዚያ የፎልቶችን ማለትም የዓለት ስብራቶችን መስመር ያወጣል። በስብራቱ ያለፈ፣ ወርቅ ሊያመጣ የሚችል ትኩስ ፈሳሽ ማግኔታይት የተባለውን ጠንካራ ማግኔታዊ ማዕድን ማግኔትነታቸው ደካማ ወደሆነው ሄማታይት ወይም ፓይራይት ስለሚለውጠው፣ ስብራቱ ብዙ ጊዜ ካርታው ላይ የደከመ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል። ማዕድን ቢኖር እንኳ በመስመሩ ሁሉ አይገኝም። ስብራቱ የታጠፈበትን፣ ቅርንጫፍ ያወጣበትን ወይም ከሌላ ስብራት ጋር የተገናኘበትን ቦታ ይመርጣል።

የጥናቱ ዋጋ የሚወሰነው በበረራው ዕቅድ ነው። የበረራ መስመሮቹ ስብራቱን አቋርጠው ማለፍ አለባቸው፤ ትይዩ ከሆኑ በሁለቱ መካከል ሊያመልጥ ይችላል። በመስመሮቹ መካከል የ400 ሜትር ርቀት ለአጠቃላይ ካርታ ይበቃል፣ ለቁፋሮ ዒላማ ግን ወደ 100 ወይም 50 ሜትር መጥበብ አለበት። ከፍታው ከ60 እስከ 80 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ገደላማ ቦታ ላይ አብራሪው (ትክክል ነው፣ ሕይወቱ ይቀድማል) ከፍ ሲል ምልክቱ ስለሚደበዝዝ፣ ስብራቱ እዚያ ያበቃ ይመስላል። በማግኔት ምድር ወገብ (የመሬት የማግኔት መስክ አግድም በሚሆንበት መስመር) አቅራቢያ ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ስብራት ምልክቱ በጣም ደካማ ነው፤ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም።

የዕለቱን የመስክ መዋዠቅ የሚመዘግብ ሁለተኛ ማግኔቶሜትር መሬት ላይ ይተከላል። በማግኔት ማዕበል (ከፀሐይ የሚመጣ የመስክ ረብሻ) ቀን የተለካ መስመር እንደገና ይበረራል እንጂ በኮምፒውተር አይታከምም።

አብሮ የሚጫነው የጋማ ጨረር መለኪያ የሚያነበው የላይኛውን ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ፖታሲየም ከቶሪየም አንጻር ከፍ ካለ ዓለቱ በትኩስ ፈሳሽ መለወጡን ሊጠቁም ይችላል። ዝናብ ከዘነበ ግን ከዩራኒየም የሚመነጨው የሬዶን ጋዝ ውላጆች ከአየር ታጥበው ስለሚወርዱ የዩራኒየሙ ንባብ በሐሰት ያድጋል፤ እርጥብ አፈርም ጨረሩን ያፍናል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍን ነገር የሚፈልገው ኤሌክትሮማግኔቲክ መሣሪያም ያታልላል፦ በስብራት ውስጥ ያለ ግራፋይት፣ እርጥብ ሸክላ ወይም ጨዋማ ውኃ ከሰልፋይድ (ድኝ ካለበት) ማዕድን ጋር ተመሳሳይ ምልክት ይሰጣል።

ስለዚህ ዘጋቢዎቻችሁ መግለጫ ሲሰጣቸው መስመሮቹ በስንት ሜትር ርቀትና በየት አቅጣጫ እንደተበረሩ፣ ከዚያም የአፈር ናሙና ተወስዶ ጉድጓድ ተቆፍሮ እንደሆነ ቢጠይቁ መልካም ነው። ካልተቆፈረ ስለ ክምችቱ መጠን የሚነገር ቁጥር ሁሉ ግምት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጂኦፊዚክስ ባለሙያ