ወገቡን የያዘውን ሰው አልጋ ላይ አታስቀሩት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ወገብ ሕመም የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 619 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ ሕመም ይሠቃዩ ስለነበር ጉዳዩን ማንሳታችሁ ያስመሰግናል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ወገቡን የያዘው ሰው ሕመሙ እስኪለቀው ጠንካራ ፍራሽ ላይ እንዲተኛና ፈጥኖ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ) እንዲነሳ መምከሩ፣ በዚህ ሙያ ለምንሠራ ሰዎች ዝም ብለን የምናልፈው አይደለም።

ከአሥር የወገብ ሕመሞች ዘጠኙ ያህል «ይህ ነው» የሚባል አንድ የተለየ መንስኤ የማይገኝላቸው ናቸው። ይህ ሲባል ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ጡንቻው፣ ጅማቱና መገጣጠሚያው በእርግጥ ያማሉ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና ፍርሃት ደግሞ ያባብሱታል። ኤምአርአይ ለዚህ ብዙም አይፈይድም። ምንም የማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች ቢነሱ እንኳ ከሦስቱ አንዱ ያህል የዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል፣ መድረቅ ይታይበታል፤ 80 ዓመት ከሞላቸው ሰዎችማ ከዚህ የሚያመልጥ ጥቂት ነው። ነገር ግን «ዲስክህ ተንሸራቷል» የሚል ወረቀት ይዞ የወጣ ሰው ከዚያች ዕለት ጀምሮ ጫማውን ለማሰር ማጎንበስ ይፈራል፣ ሲፈራ ይቀመጣል፣ ሲቀመጥ ጡንቻው ይደክማል፣ የደከመ ወገብ ደግሞ በትንሽ ነገር መልሶ ይይዛል። የተንሸራተተ ዲስክም ቢሆን በብዙ ሰዎች ላይ ያለ ቀዶ ሕክምና በወራት ውስጥ እንደሚሰበሰብ የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ድንገተኛ የወገብ ሕመም በአብዛኛው በስድስት ሳምንት ውስጥ በእጅጉ ይሻለዋል፤ የሚያፋጥነውም መንቀሳቀስ ነው። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ ከመታገል ይልቅ ጉልበቶቹን አጥፎ ወደ ጎን ይዙር፣ እግሮቹን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ያውርድና ፍራሹን በእጁ ገፍቶ ይነሳ። ከዚያም የቻለውን ያህል ይራመድ፤ በየቀኑ ጥቂት ይጨምር። እየተራመደ ትንሽ ቢያመው ወገቡ ተጎዳ ማለት አይደለም። ማስታገሻ ለመንቀሳቀስ ከረዳው ለአጭር ጊዜ መውሰድ ይችላል፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ግን ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። በየሱቁ የሚሸጠውን የወገብ ቀበቶ በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም እንደ መደበኛ ሕክምና እንዳይሰጥ መክሯል፤ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ማዋል ይሻላል።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ የዘለለው ግን ከሁሉ የሚያስቸኩለውን ጉዳይ ነው። በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ወይም ጨርሶ መሽናት አለመቻል፣ ሰገራ ማምለጥ፣ እየባሰ የሚሄድ የእግር መዛል የታየበት ሰው ነገ ሳይል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ የተጫነው ነርቭ በጊዜው ካልተለቀቀ ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል። ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ ያለበት፣ ቀድሞ ካንሰር የታመመ፣ ወይም ከመውደቅና ከአደጋ በኋላ ሕመሙ የጀመረው ሰውም ሳይዘገይ ይመርመር። ኤምአርአይ በእርግጥ የሚያስፈልገው እንዲህ ላሉት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ እነዚህን የአደጋ ምልክቶች ጎላ ባለ ፊደል እንድታወጡና የመተኛቱን ምክር እንድታርሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ