እማዬ፣ ልጆቹ ስለ ሚሚ ጠየቁኝ

አራት ኪሎ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የደብረ ብርሃን ብርድ በዚህ ወር አያድርስ ነውና ጋቢሽን ከትከሻሽ እንዳታወርጂ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተን ዘጋን። ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ልጆቹ ስለ ሚሚ አውቀዋል። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አንቺን ሳላስፈቅድ።

እንዲህ ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ትልቋን ሹሩባ እየሠራኋት ነበር። ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ጉልበቴ መሐል ተቀምጣለች። "እማ፣ ሚሚ ማናት?" አለችኝ። በስልክ ስናወራ ሰምታን ኖሯል። "እህቴ ናት" አልኳት። "እህትሽ ከሆነች ለምን አማርኛ አትችልም?" አለች። እኔም አንቺ ሁልጊዜ እንደምትይው "ለትምህርት አሜሪካ ሄዳ ነው" አልኩ። "በስንት ዓመቷ?" "በሦስት።"

ጣቶቿን አውጥታ ቆጠረች። "ከማሙሽ ታንሳለች እኮ! የሦስት ዓመት ልጅ ብቻዋን ለትምህርት ይሄዳል እንዴ?"

የምለው ጠፋኝ። እሷ ግን አልጨረሰችም። "እነ እትዬ ቡና ሲጠጡ 'ለፈረንጅ የተሰጠችው' ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔንስ ትሰጪኛለሽ?"

"ምን ዓይነት ወሬ ነው! ዝም በይ፣ አንገትሽን ቀና አድርጊ" አልኳት። ሹሩባው እስኪያልቅ ቃል አልተነፈሰችም። ሌላ ጊዜ "አመመኝ፣ ቀስ በይ" እያለች የምትነጫነጭ ልጅ፣ ጭንቅላቷን እንዳሻኝ ሳዞረው ዝም ብላ ተቀመጠች። ጀርባዋን ነው እንጂ ፊቷን አላየሁትም። ያን ዝምታዋን እስካሁን አልረሳሁትም።

በማግሥቱ ሁለቱንም አስቀምጬ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ግን አበላሸሁት። "ያኔ አባባ ሞቶ ነበር፣ ብር አልነበረንም፣ ስለዚህ ሚሚን ሌሎች ሰዎች ወሰዷት" አልኳቸው። እውነት ነው ብዬ ነው። ሰኞ ዳቦ ልንገዛ ሱቅ ገባን። ማሙሽ ማስቲካ ጠየቀኝ። "ዛሬ ብር የለኝም" አልኩት፣ እንደ ማንኛውም ቀን። ትልቋ ቀሚሴን ጨብጣ ያዘች። ማታ እራት ላይ የዳቦዋን ግማሽ ወደ ወንድሟ ገፋችው። "እኔ ብዙ አልበላም" አለችኝ። "ትንሽ ነው የምበላው።"

እማዬ፣ ልጅቷ እንዳልሰጣት ምግብ መቀነሷ ነበር። በዚህ ቤት "ብር የለኝም" የማይባልበት ቀን የት አለ? ለትልቅ ሰው ምክንያት የሚሆነው ለስድስት ዓመት ልጅ ማስፈራሪያ ይሆናል።

"ስለምትወዳት ነው የሰጠቻት" ልላቸውም አስቤ ነበር። ቄሱም ጎረቤቱም ያንቺን ዕንባ ሊያብሱ የሚሉት እሱን ነው። ነገር ግን ሚሚ ራሷ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። ያሳደገቻት እናት በልጅነቷ "እናትሽ በጣም ስለምትወድሽ ነው የሰጠችሽ" ትላት ነበር። ልታጽናናት ነው፣ ክፋት የለበትም። ሚሚ ግን "ከዚያ በኋላ እሷም እወድሻለሁ ባለችኝ ቁጥር መቼ ይሆን የምትሰጠኝ እያልኩ እፈራ ነበር" አለችኝ። የወደደ የሚሰጥ ከሆነ ልጅ መወደድን ይፈራል። ታዲያ እሱንም ተውኩት። "ዕድለኛ ናት፣ አሜሪካ ገባች" የሚለውንም ተውኩት። ከእናቷ የተለየችን ልጅ ዕድለኛ ሲሏት መስማት አልፈልግም።

ማክሰኞ ማታ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብዬ እንደገና ጀመርኩ። "ሚሚ እህቴ ናት፤ ከአንድ ሆድ ነው የወጣነው። ትንሽ ሆና አባባ ሞተ፣ አያታችሁም በጣም ታመመች። አጠገቧ የሚረዳት ሰው አልነበረም። ትልልቅ ሰዎች መክረው ሚሚ ሩቅ አገር ላሉ ሰዎች ልጅ ትሁን አሉ። ሚሚ ምንም አላጠፋችም። አያታችሁ አልረሳቻትም። አሁን ሁለት እናት አላት። እናንተ ግን የትም አትሄዱም። እኔ ብታመም አባታችሁ አለ፣ አጎታችሁ አለ፣ አያታችሁ አለች።" ስማቸውን አንድ በአንድ እየጠራሁ ቆጠርኩላቸው። ትልቋ "አጎቴ አልጋ አለው?" አለች። አለው አልኳት። ከዚያ ተኛች።

ማሙሽ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

አሁን ስለ አንቺ ላውራ። ጥር 2010 ፓርላማው ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር እንዳይሄዱ ሲከለክል ዜናውን አብረን ነው ያየነው። አንቺ ተነስተሽ ሳህን ማጠብ ጀመርሽ። የታጠበ ሳህን ነበር። ያን ቀን ምንም ሳልልሽ ቀረሁ፣ ዛሬ ልበልሽ።

ይህ ባንቺ ብቻ የደረሰ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጆች ከአገራችን ሄደዋል። በፈረንጆቹ 2010 በአንድ ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ ነበሩ። ከነዚያ ልጆች ብዙዎቹ እናት ወይም አባት በሕይወት ነበራቸው። አንቺ በሰፈሩ ፊት አንገትሽን ደፍተሽ ስትሄጂ፣ እንዳንቺ ፈርማ እንዳንቺ ዝም ያለች እናት ስንት ቤት እንዳለች አስቢ።

ደግሞም አልተሳሳትሽም። ስትፈርሚ "ልጄ ልጄ ናት፣ ተምራ ትመጣለች" ብለሽ ነው። አንዳንዱ ሰው "መሃይም ስለሆነች ተታለለች" ይላል፣ እኔ ግን አልልም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕጋችን ራሱ ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደተጠበቀ ይቆያል ይላል። አንቺ የገባሽ በአገርሽ ሕግና በአገርሽ ልማድ ነው። እዚያ ግን ሕጉ ሌላ ነው። የድሮው ዝምድና ተቆርጦ አዲስ የልደት ወረቀት ይወጣል፤ እናት ተብላ የምትጻፈው አሳዳጊዋ ናት። በአንድ ፊርማ ሁለት አገር ሁለት የተለያየ ነገር ተረዳ። ይህን ቁጭ አድርጎ ሊነግርሽ ይገባው የነበረው ያ ያስፈረመሽ የጉዲፈቻ ድርጅት ነበር። እስከ 18 ዓመቷ በየዓመቱ ሪፖርት ይመጣል ተብለሽ ነበር። እጅሽ የገባው ሁለት ፎቶ ነው።

አያቴ ስለ ጡት ልጅ የምታወራው ትዝ ይልሻል? አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር ይቀባል፣ ልጁ ይጠባል፣ በቃ ልጅ ሆነ። ጉዲፈቻ የሚለው ቃልም ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ ማሳደግን ነው የሚያመለክተው። በአያቴ ወሬ ውስጥ ልጁ ማን እንደወለደው የማያውቅ ሰው አልነበረም። ልጁም ያውቅ ነበር። የደበቅነው እኛ ነን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛው ትንሽ ይመስላል። ማሙሽ ሲያስቸግርሽ "ለቁራሌው እሰጥሃለሁ" ማለቱን ተዪልኝ። እኛም በዚያ ነው ያደግነው፣ ቁራሌው ሲጮህ አልጋ ሥር እንገባ ነበር። አሁን ግን በቤታችን በእውነት የሄደች ልጅ እንዳለች አውቀዋል። ጆንያ የተሸከመ ሰው በበሩ ሲያልፍ ማሙሽ እየሮጠ ይመጣና እግሬን ያቅፋል። ልጆቹን ሁሉ ያስፈራራንበት ለፍቶ አዳሪውም ምን በደለን?

ሁለተኛው ሚሚ ስትመጣ ነው። ጥር 8 ትገባለች፤ ጥምቀትን ጃን ሜዳ ይዘናት እንሄዳለን። ቤታችንን ማየት ትፈልጋለች። ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ በ2016 እንደፈረሰ፣ የነበርንበትን ቦታ ከመንገድ ላይ ቆመን በጣት ብቻ እንደምናሳያት ነግሬያታለሁ። አልቅሳለች። ጊዮርጊስ ግን አለ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሳችበትን አንቺ ታሳያታለሽ። የክርስትና ስሟን አታውቀውም፤ ወረቀቷ ላይ የለም። እኔም አላስታውሰውም። ካንቺ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም።

ልጆቹ አጠገባችሁ ይሆናሉ። ያኔ "ለትምህርት ነው የሄደችው" እንዳትዪ አደራ። ዝም ብትዪ ይሻላል። "ተቸግሬ ነበር፣ ታምሜ ነበር፣ ናፍቀሽኝ ኖርሽ" ካልሽ ደግሞ ይበቃል። ብታለቅሺም አይፈሩም፤ አያታችሁ ልታለቅስ ትችላለች ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ትልቋ ሶፍት አዘጋጃለሁ ብላለች።

ሳላስፈቅድሽ ስለነገርኳቸው ይቅርታ አድርጊልኝ። ታሪኩ ያንቺ መሆኑን አውቃለሁ። ያልነገርኳቸው ብዙ ነገር አለ፤ እሱን ላንቺ ትቼዋለሁ።

ማሙሽ የጠየቀኝ ይኸውልሽ። "አውሮፕላን ማረፊያ ማን ሸኛት? አያቴ ባይ ባይ ብላታለች?" እኔ ያን ቀን ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስመለስ ቤቱ ተቆልፎ ነበር፣ ጎረቤት ምሳ አበላችኝ። ሌላ የማውቀው የለም። "አያትህን ጠይቃት" አልኩት። እንደመጣሽ ይጠይቅሻል፤ አይረሳም።

ከዶሮ ማነቂያ ዕቃ ስናወጣ ሣጥንሽ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የሕፃን ጫማ አይቻለሁ። አይቼ እንዳላየ መልሼ አስገባሁት። ስትመጪ ይዘሽው ነይ። ከደብረ ብርሃን ስትነሺ ደውዪልኝ፤ ላምበረት መናኸሪያ ወጥቼ እጠብቅሻለሁ።

ትልቋ ልጅሽ